«ስዊች ስዊች ነው» ለምትሉ ሁሉ

ወዳጆቼ፣ በተለይ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ሻይ ይዛችሁ ቁጭ በሉ። ፋብሪካ ውስጥ የምትሠሩ ደግሞ እስከ መጨረሻው አንብባችሁ ግዥ ክፍል ላለ ሰው ላኩልኝ። ቢከፋው ይክፋው።

የምለው ነገር አንድ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ማሽንን ከማሽን፣ ማሽንን ከኮንትሮል ሩም የሚያገናኘው ያ ትንሽ ሳጥን፣ ማለትም ስዊቹ፣ ቢሮ ውስጥ ፕሪንተር ከሚያገናኘው ስዊች ጋር አንድ ዕቃ አይደለም። አንድ ነው ብሎ ርካሹን የሚገዛ ሰው ለድርጅቱ ገንዘብ አላዳነም፤ ወጪውን ከግዥ መዝገብ ላይ አንስቶ ምርት ክፍል ላይ ነው የጫነው። ምርት ሲቆም ደግሞ የሚጠየቀው የገዛው ሰው አይደለም፤ የዚያን ሌሊት ሺፍት የገባው ቴክኒሺያን ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው።

«ዲፕሎማ ይዞ ሃይስኩል የሚያስተምር ሰው ስለ ፋብሪካ ኔትወርክ ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። ያገባዋል! አይሲቲ ያስተማርኳቸው ልጆች ቴክኒክና ሙያውንም ዩኒቨርሲቲውንም ጨርሰው ዛሬ ሲሚንቶ፣ ቢራ፣ ስኳር፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ናቸው። ይደውሉልኛል፤ ፎቶ ይልኩልኛል፤ ማንዋል አብረን እናነባለን። የሚልኩልኝን የፓኔል ፎቶ ብታዩ እናንተም ዝም አትሉም ነበር።

አንዱን ልንገራችሁ። ስሙንም ፋብሪካውንም አልጠራም። ልጁ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሶት ነው የደወለው። ደብዳቤው «በቸልተኝነት ሲስተም እንዲቆም አድርገዋል» ይላል። ሲስተሙን ያቆመው ግን ምን ነበር? በሦስት ፕሮፎርማ ተወዳድሮ ከኮምፒውተር ሱቅ የተገዛ የቢሮ ስዊች፣ ከትልቅ የሞተር ድራይቭ ጎን ፓኔል ውስጥ ገብቶ፣ በዲቫይደር ተሰክቶ፣ ማራገቢያው በአቧራ ታፍኖ፣ ሙቀት ሲጨምር እየጠፋ ሲቀዘቅዝ እየበራ። ልጁ ይሄ ዕቃ እዚህ ቦታ አይሆንም ብሎ ከወራት በፊት ለአለቃው ነግሮ ነበር። ግን በቃል። በቃል የተነገረ ነገር ደግሞ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት የለም። «ቲቸር፣ እኔ ምን አጠፋሁ?» ነው የሚለኝ። ምን ልበለው?

እሺ፣ ወደ ዕቃው እንምጣ። ልዩነቱ ምንድን ነው?

መጀመሪያ ጊዜ። ቢሮ ውስጥ ስዊች ለአንድ ደቂቃ ቢጠፋ ቴሌግራም «ኮኔክቲንግ» ይላል፣ ሰው ቡናውን ፉት ይላል፣ ሲመለስ ይቀጥላል። ፋብሪካ ውስጥ ፒኤልሲው ከሴንሰሩና ከድራይቩ ጋር የሚነጋገረው በሚሊሰከንድ ነው። ፕሮፊኔት በሚባለው አሠራር አንድ መሣሪያ በየ8 ሚሊሰከንዱ መረጃ እንዲለዋወጥ ተደርጎ ከሆነና እንደተለመደው 3 ዙር እንዲታገስ ከተሞላ፣ በ24 ሚሊሰከንድ ውስጥ መልእክት ካልደረሰው መስመሩ ተቋርጧል ብሎ ይወስናል። ከዚያ ማሽኑ ይቆማል። 24 ሚሊሰከንድ ማለት የዓይን ጥቅሻ እንኳን የማይሞላ ጊዜ ነው። ስለዚህ «ትንሽ ብልጭ ድርግም ይላል እንጂ ይሠራል» የሚባለው ስዊች፣ ለፋብሪካ የማይሠራ ስዊች ነው።

ሁለተኛ መንገድ። ኬብል ይበጠሳል፤ ፎርክሊፍት ይረግጠዋል፣ አይጥ ይበላዋል። ለዚህ ሲባል ስዊቾችን በቀለበት ማገናኘት የተለመደ ነው፤ በአንድ በኩል ሲበጠስ በሌላው ይዞራል። ግን የድሮው ስፓኒንግ ትሪ ሌላውን መንገድ እስኪከፍት ከ30 እስከ 50 ሰከንድ ይፈጃል። ለኢንዱስትሪ ተብሎ የወጣው ኤምአርፒ፣ በአይኢሲ 62439 ደረጃ ውስጥ ያለው፣ እስከ 50 ስዊች ባለበት ቀለበት ይህንኑ በ200 ሚሊሰከንድ ውስጥ ይጨርሳል። ፒአርፒ የሚባለው ደግሞ መልእክቱን በሁለት መንገድ በአንዴ ስለሚልክ አንዱ ቢበጠስ የሚባክን ጊዜ የለም። ይህን የማያውቅ ተራ ስዊች ቀለበት ውስጥ ብትሰኩትስ? መልእክቱ መውጫ አጥቶ ይሽከረከራል፣ ይባዛል፣ ኔትወርኩን ያንቀዋል። ሁለት ፖርት በአንድ ኬብል በስህተት ያገናኘ ተለማማጅ ፋብሪካ ሊያቆም ይችላል ማለት ነው።

ሦስተኛ ሙቀትና አቧራ። ብዙ የቢሮ ስዊቾች ጀርባቸው ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ ከ0 እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይላል። ለኢንዱስትሪ የሚሠሩት ከ40 ዲግሪ በታች ከዜሮ እስከ 75 ዲግሪ ድረስ የሚችሉ አሉ። መተሃራ ወይም አፋር ቆላ ላይ ውጭው ራሱ ከ35 ሲያልፍ፣ በተዘጋ ፓኔል ውስጥ ድራይቭና ፓወር ሰፕላይ ጎን ስንት እንደሚሆን ገምቱ። የኤሌክትሮኒክስ ሰዎች የሚያውቁት ግምታዊ ሕግ አለ፤ ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ያለው ካፓሲተር ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል። ለ8 ዓመት የታሰበው በ20 ዲግሪ ጭማሪ ሁለት ዓመት ሆነ ማለት ነው። የኢንዱስትሪው ስዊች ማራገቢያ የለውም፤ ሙቀቱን በብረት አካሉ ነው የሚያስወጣው። ማራገቢያ ከሌለ የሲሚንቶ ብናኝ የሚያፍነው ነገር የለም።

አራተኛ መብራት። የቢሮው ስዊች 220 ቮልት ይፈልጋል፤ አንድ ሶኬት፣ አንድ ገመድ። ማጽጃ ሠራተኛ ነቀለችው፣ አለቀ። የኢንዱስትሪው በ24 ቮልት ዲሲ ይሠራል፣ አብዛኛውም ሁለት የኃይል መግቢያ አለው፤ አንዱ ሲሞት በሌላው ይቀጥላል፣ በሪሌው በኩልም ለኮንትሮል ሩም አላርም ይልካል። ፓኔሉ ውስጥ ባለው ሐዲድ ላይ ቀጭ ብሎ ይታሰራል እንጂ በፕላስተርና በላስቲክ አይንጠለጠልም። በላስቲክ ታስሮ ያየሁት አለ እንዴ? አለ። ፎቶው ስልኬ ውስጥ ነው።

«ይሄ ሁሉ የመጽሐፍ ወሬ ነው» ለምትሉ፣ ከተመዘገበ ታሪክ ልጥቀስ። ነሐሴ 2006 እ.ኤ.አ. አሜሪካ አላባማ ውስጥ ብራውንስ ፌሪ የሚባለው የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ 3ኛው ዩኒት በሥራ ላይ እያለ ሁለቱ የውሃ ማዘዋወሪያ ፓምፖች ቆሙ። ኦፕሬተሮቹ ሪአክተሩን በእጃቸው ለማጥፋት ተገደዱ። ሰርጎ ገብ አልነበረም፤ ቦምብ አልነበረም። የፓምፖቹን ፍጥነት የሚቆጣጠሩት መሣሪያዎች በፋብሪካው ኔትወርክ ላይ ከመጠን በላይ የበዛ መልእክት ጎርፎባቸው ነው መልስ መስጠት ያቆሙት። የአገሪቱ የኒውክሌር ተቆጣጣሪም በሚቀጥለው ዓመት ለሌሎች ማመንጫዎች ማሳሰቢያ አወጣበት። ትምህርቱ ቀላል ነው፤ ሁሉም መሣሪያ የሁሉንም ወሬ መስማት የለበትም። ስዊቹ ነው በር ላይ ቆሞ «አንተ እዚህ አትገባም፣ አንተም በልክ ተናገር» ማለት ያለበት። ይህን ማለት የሚችለው ደግሞ ማኔጅድ የሚባለው፣ በቪላን የሚከፍል፣ የመልእክት ጎርፍ የሚገድብ ስዊች ነው። በር ላይ ዘበኛ ሳይኖር ግቢው ሰላም ነው አይባልም።

አሁን እንዳትጣመሙብኝ። ሁሉም ቦታ ውዱን ግዙ አላልኩም። አምስት መሣሪያ ብቻ ያለው፣ ለብቻው የሚሠራ አንድ ማሸጊያ ማሽን ውስጥ ማኔጅድ ያልሆነ ግን ለኢንዱስትሪ የተሠራ ርካሽ ስዊች ይበቃል። ቢሮው ውስጥም የቢሮውን ስዊች ተጠቀሙ፤ እዚያ ነው ቦታው። ሰርቨር ሩሙ ኤሲ ካለው፣ ንጹሕ ከሆነ፣ እሺ። ጥያቄዬ «ይሄ ዕቃ የት ነው የሚቀመጠው? ሲሞትስ ምን ይቆማል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ኮሚቴው ውስጥ ይኑር ነው። ይህን ጥያቄ ሳይጠይቅ የገዛ ኮሚቴ ዕቃ አልገዛም፤ ካርቶን ነው የገዛ።

አሁን ሰበቦቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

ሰበብ አንድ፦ «የግዥ ሕጉ ዝቅተኛ ዋጋ ስለሚል ነው።»

ይሄ ሕጉን ያላነበበ ሰው ሰበብ ነው። ሕጉ መጀመሪያ የቴክኒክ መስፈርቱን የሚያሟላውን ለይ፣ ከሚያሟሉት መካከል በዋጋ አወዳድር ነው የሚለው። ታዲያ መስፈርቱ ላይ «ስዊች፣ 24 ፖርት፣ አዲስ» ብቻ ብለህ ከጻፍክ ሱቅ ያለው ሁሉ ያሟላል፤ ያኔ ርካሹ ማሸነፉ የሕጉ ጥፋት ነው? የጻፍከው አንተ ነህ እኮ! «ብራንድ መጥቀስ አይቻልም» ትሉኛላችሁ። እሰየው! ብራንድ አትጥቀሱ፤ ሥራውን ጥቀሱ። የሙቀት መጠን ብራንድ አይደለም። 24 ቮልት ብራንድ አይደለም። የግል ፋብሪካ ውስጥ ያላችሁማ እናንተን የሚያስገድድ የመንግሥት ግዥ ሕግም የለባችሁ፤ ሰበባችሁ ምንድን ነው?

ሰበብ ሁለት፦ «ዶላር የለም፤ ዕቃው ውድ ነው።»

ዶላር ውድ እንደሆነ እኔም በደመወዜ አውቃለሁ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ምን ያህል እንደናረ ማንም አይነግረንም። ግን ዶላር ውድ ከሆነ አንድ ጊዜ ነው ወይስ አራት ጊዜ የሚገዛው? ሂሳቡን አብረን እንሥራው፤ ቁጥሩ የምሳሌ ነው፣ የራሳችሁን አስገቡ። የኢንዱስትሪው ስዊች ከቢሮው በ80 ሺህ ብር ይበልጣል እንበል። መስመራችሁ በሰዓት የ200 ሺህ ብር ምርት ያወጣል እንበል። ልዩነቱ የስንት ጊዜ ምርት ሆነ? የ24 ደቂቃ! አንድ ጊዜ ለግማሽ ሰዓት ብትቆሙ «ያተረፋችሁት» በነነ። ሲሚንቶ ከሆነማ ተዉት። ኪልኑ ውስጥ ያለው ጥሬ ዕቃ ወደ 1,450 ዲግሪ ነው የሚደርሰው፤ ድንገት ቆሞ ሲቀዘቅዝ የውስጡ ጡብ ይጎዳል፣ እንደገና ማሞቅ ሰዓታት ይፈጃል፣ ነዳጁ ይቃጠላል። ስዊቹ በአምስት ደቂቃ ቢቀየር እንኳን ኪልኑ በአምስት ደቂቃ አይመለስም።

እንዲያውም የዶላር እጥረት የሚያስተምረን ሌላ ነገር ነው፤ መለዋወጫውን ከመጀመሪያው ግዥ ጋር አብራችሁ ግዙ። ዕቃው ሲሞት አዲስ ኤልሲ ለመክፈት ስንት ወር እንደምትጠብቁ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ሰበብ ሦስት፦ «እስከዛሬ ሠርቷል እኮ።»

እስከዛሬ የሠራ ሁሉ ነገ እስኪሞት ድረስ «እስከዛሬ ሠርቷል» ሲባል ነበር። ይሄ መከራከሪያ አይደለም፤ ዕድል መቁጠር ነው።

ሰበብ አራት፦ «ኦርጅናሉን ከሱቅ በግማሽ ዋጋ አገኘነው።»

እዚህ ላይ ቆም በሉ። በ2019 እ.ኤ.አ. አንድ የውጭ አገር ድርጅት የሲስኮ ካታሊስት 2960-ኤክስ ስዊቾቹን ሶፍትዌር ሲያድስ ስዊቾቹ ሥራ አቆሙ። ኤፍ-ሴክዩር የሚባለው የደህንነት ኩባንያ ከፍቶ ሲመረምራቸው ኮፒ ሆነው ተገኙ፤ በ2020 ሪፖርቱን ይፋ አደረገ። መልካቸው ኦርጅናል፣ ጽሑፋቸው ኦርጅናል፣ እስከዚያች ቀን ድረስ ሥራቸውም የኦርጅናል ነበር። የሌላው አገር እንዲህ ከሆነ የእኛን ገበያ አስቡት። ግማሽ ዋጋ ስታዩ ደስ አይበላችሁ፤ ሲሪያል ቁጥሩን ለአምራቹ ልካችሁ አረጋግጡ፤ የተፈቀደለት አከፋፋይ መሆኑን ወረቀት ጠይቁ። አይሰጥም ካለ፣ መልሱን ሰጣችሁ ማለት ነው።

እንግዲህ ተቺ ብቻ ላለመሆን፣ መስፈርት ስትጽፉ ቢያንስ ይህን አስገቡ። ገልብጣችሁ ውሰዱት፤ ክፍያ የለውም።

1. የሚቀመጥበት ቦታ ሙቀት ተለክቶ፣ በላዩ ላይ መጠባበቂያ ተጨምሮ፣ ስዊቹ የሚችለው ዝቅተኛና ከፍተኛ ዲግሪ።
2. ማራገቢያ የሌለው፣ በፓኔል ሐዲድ ላይ የሚታሰር።
3. 24 ቮልት ዲሲ፣ ሁለት የኃይል መግቢያ፣ የአላርም ሪሌ።
4. የፖርት ብዛት አሁን ከሚያስፈልገው በላይ ጥቂት ትርፍ ያለው፤ ከ100 ሜትር ለሚርቅና በትልልቅ ሞተሮች አጠገብ ለሚያልፍ መስመር የፋይበር ፖርት። የመዳብ ኬብል ከ100 ሜትር በላይ አይፈቀድም፣ «ትንሽ ቢያልፍስ» የሚባል ነገር የለም።
5. ቀለበት ካለ የቀለበቱ ዓይነት። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፤ አንዳንዱ አምራች የራሱ ብቻ የሆነ የቀለበት አሠራር አለው። ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ግን አንዴ ከገባችሁበት ሁልጊዜ ከእሱ ብቻ ትገዛላችሁ። የጋራ ደረጃ የሆነውን፣ ለምሳሌ ኤምአርፒን፣ ጠይቁ።
6. ለኤሌክትሪክ ሰብስቴሽን ከሆነ አይኢሲ 61850-3ን የሚያሟላ።
7. አምራቹ ፈርምዌር እስከ መቼ እንደሚያወጣለት በጽሑፍ። ነገ ምርቱ የሚቋረጥ ዕቃ ዛሬ በቅናሽ ቢሸጥላችሁ አትገረሙ።
8. ከእያንዳንዱ ዓይነት ቢያንስ አንድ መለዋወጫ፣ ከነፓወር ሰፕላዩ። ለቴክኒሺያኖቹም ሥልጠና።

የመጨረሻዋን ብዙ ጊዜ ይሰርዟታል። ለምን? ሥልጠና በዓይን አይታይማ! ንብረት ክፍል ቁጥር ለጥፎ አይቆጥረውም።

መግዛቱ ግን ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ ጥገና ነው፤ እዚህ ላይ ደግሞ ከግዥ ክፍል ወርጄ ወደ እኛው ልጆች እመጣለሁ። አትቀየሙኝ።

በየፋብሪካው አንድ ሃይማኖት የሆነ አባባል አለ፤ «ከሠራ አትንካው።» ግማሽ እውነት አለው። እየሮጠ ባለ መስመር ላይ ፈርምዌር የሚቀይር ሰው ጤነኛ አይደለም። ግን «አትንካው» የተባለው ቀስ በቀስ «አትየው» ሆነ። ስዊቹ ከተሰቀለ ጀምሮ ገብቶ ያየው ሰው የለም። ፓስወርዱ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ነው፤ ማንዋሉ ላይ ለዓለም ሁሉ የተጻፈው። ኮንፊገሬሽኑ የትም አልተቀመጠም። የጫነው ኮንትራክተር ከሄደ ቆየ፣ ስልኩም አይሠራም። ስዊቹ ሲሞት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል፤ ሁሉም ይሮጣል፣ ግን የትኛው ፖርት የትኛው ቪላን ውስጥ እንደነበር የሚያውቅ የለም። ዕቃው በእጅ እያለ ፋብሪካ ይቆማል።

ይህን ለማዳን ምን ያስፈልጋል? ሚሊዮን ብር አይደለም። በወር ግማሽ ቀን ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶች ስለ ስዊች ባያውቁም ስለ ጥገና ያውቁ ነበር።

ኮንፊገሬሽኑን በለወጣችሁ ቁጥር ባክአፕ ያዙ፤ ቀን ጻፉበት፤ ሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱ ከኔትወርኩ ውጭ ይሁን። በአንዳንድ የኢንዱስትሪ ስዊቾች ላይ ኮንፊገሬሽኑን የሚይዝ ተነቃይ ሚሞሪ አለ፤ ከሞተው ነቅለህ አዲሱ ላይ ትሰካለህ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ተነሣ። ካላችሁ ተጠቀሙበት፤ ካርቶኑ ውስጥ ተረስቶ የቀረበት ቦታ ብዙ ነው። በየወሩ ገብታችሁ የፖርቶቹን የስህተት ቆጣሪ እዩ። ቁጥሩ እየጨመረ ያለ ፖርት ካለ ኬብሉ ወይም ጫፉ እየሞተ ነው፤ ከመሞቱ በፊት በእረፍት ቀን ቀይሩት። የስዊቹን ሙቀት አንብቡ። የፓኔሉን የአየር ማጣሪያ አጽዱ። የማትጠቀሙበትን ፖርት ዝጉ። ፓስወርዱን ቀይሩ፤ የቀየራችሁትንም በታሸገ ፖስታ ለኃላፊው አስረክቡ እንጂ በፓኔሉ በር ላይ በማርከር አትጻፉት! መለዋወጫውን ስቶር ውስጥ ከነካርቶኑ አታስረጁት፤ አንዴ አውጥታችሁ ሞክሩት፣ ኮንፊገሬሽኑን ጫኑበት፣ «የዚህ ፓኔል ነው» ብላችሁ ጻፉበት። ፈርምዌር ማደስ ካስፈለገ መጀመሪያ በዚያ መለዋወጫ ላይ ሞክሩ፤ ከሠራ ፋብሪካው ለዓመታዊ ጥገና በሚቆምበት ጊዜ አድሱ።

«የእኛን ፋብሪካ ማን ሰርጎ ይገባበታል?» የሚል ደግሞ አለ። ሚያዝያ 2018 እ.ኤ.አ. ኢራን ውስጥ 3,500 ያህል የሲስኮ ስዊቾች ኮንፊገሬሽናቸው መጥፋቱን የአገሪቱ መንግሥት አስታውቆ ነበር፤ ሌሎች አገሮችም ተመትተዋል። የገቡት በምን ነበር? ስማርት ኢንስቶል በሚባል፣ አዲስ ስዊችን ከሩቅ ለማዘጋጀት በሚያገለግል፣ ባለቤቶቹ ከተጠቀሙበት በኋላ ሳይዘጉት በቀሩት አገልግሎት። አምራቹ የማትጠቀሙበት ከሆነ ዝጉት ብሎ አስቀድሞ አሳስቦ ነበር። ያዳመጠ ዳነ፤ ባክአፕ የነበረውም መልሶ ጫነ። ሁለቱንም ያላደረገው ከዜሮ ጀመረ።

ከዚያ በፊት፣ ታኅሣሥ 2015 እ.ኤ.አ.፣ ዩክሬን ውስጥ በሦስት የኤሌክትሪክ አከፋፋይ ድርጅቶች ላይ በደረሰ ጥቃት 225,000 ያህል ደንበኞች መብራት ጠፍቶባቸዋል። ሰርጎ ገቦቹ ብሬከሮቹን ከከፈቱ በኋላ ሌላም አደረጉ፤ ሰብስቴሽኑን ከኔትወርኩ ጋር የሚያገናኙትን ትንንሽ መለወጫ ሳጥኖች ፈርምዌራቸውን አበላሹት፣ ዳግም ከሩቅ እንዳይታዘዙ። መብራቱ በሰዓታት ውስጥ የተመለሰው ሠራተኞች እየሄዱ በእጃቸው ስለዘጉት ነው። ጠላት እንኳን የእነዚያን ትንንሽ ሳጥኖች ዋጋ ያውቃል። የማያውቀው የእኛ ግዥ ኮሚቴ ብቻ ነው!

ስለዚህ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ስዊቹን የሚጠግነው ሰው መስፈርቱን ሲጽፉ ይኑር። በስም ይፈርም። ኮሚቴው ሐሳቡን ካልተቀበለም ያልተቀበለበትን ምክንያት ጽፎ ይፈርም። ይህ ብቻ ቢደረግ ግማሹ ችግር ያልቃል፤ ፊርማ ሰውን ያነቃል።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ስዊች ባለቤት ይኑረው። ዛሬ በብዙ ቦታ አይቲው «ፓኔል ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ነው» ይላል፤ ኤሌክትሪኩ «ኔትወርክ የአይቲ ነው» ይላል። በመሃል ስዊቹ የእንጀራ ልጅ ሆኖ ይኖራል። አንድ ስም፣ አንድ ወረቀት፣ ለጥገናውም በሥራ ሰዓት ውስጥ የተፈቀደ ጊዜ።

ሦስተኛ፣ ምርት በቆመ ቁጥር ከማስጠንቀቂያ ደብዳቤው በፊት አንድ ጥያቄ ይቅደም፦ ይህን ዕቃ እዚህ ቦታ ላይ ያስቀመጠው ውሳኔ የማን ነበር? መልሱ ቴክኒሺያኑ ከሆነ ይጠየቅ፤ ማንንም አልደብቅም። መልሱ ኮሚቴው ከሆነ ደብዳቤው አድራሻውን ይቀይር።

ለናንተ ለልጆቼ ደግሞ፣ ክፍል ውስጥ ደጋግሜ የምላችሁን እደግመዋለሁ፤ ጻፉ። ስዊቹ እንደማይሆን ካያችሁ ሻይ ቤት አትንገሩ፤ በሁለት መስመር ማስታወሻ ጻፉ፣ ቀን አስገቡ፣ በመዝገብ ቤት አስገብታችሁ ቁጥር አሰጡበት፣ ቅጂው እጃችሁ ላይ ይቅር። ፓኔሉ ውስጥ ያለውን ሙቀት ለኩና ቁጥሩን ጻፉ። «ይሞቃል» ወሬ ነው፤ «በ8 ሰዓት ከሰዓት በኋላ 57 ዲግሪ ነበር፣ ዕቃው የሚችለው 40 ነው» ግን ማስረጃ ነው። ወሬን ኮሚቴ ይረሳል፣ ማስረጃን ግን ፋይል ያደርገዋል።

በፋብሪካችሁ ያለውን ነገር ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ የድርጅት ስም ግን አትጥሩ፣ የሰው እንጀራ እንዳይነካ። ግዥ ውስጥ የምትሠሩ ወገኖች መልስ ካላችሁ ደግሞ እሰማለሁ፤ ተሳደቡ ሳይሆን ተከራከሩ። «ስዊች ስዊች ነው» ለሚል ሰው ግን ከወዲሁ መልሴ ይቺ ናት፦ እንግዲያው የሚቀጥለውን ስትገዙ፣ ሲሞት በሌሊት የሚጠራውን ስልክ ቁጥር የራሳችሁን አድርጉት።